ኤንትሬዋ ተወደደች

ትንንሽ የብረት መኪናዎች እሰበስባለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ ሴት መደርደሪያዋ ላይ መኪና ደርድራ ሲያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ልጅሽ የታለ?" ብለው ነው። ልጅ የለኝም ስላቸው ያዝኑልኛል። መኪኖቹ የራሴ ናቸው ስላቸው ደግሞ ሐዘኑ ይብሳል። አንዷ ደንበኛዬ ጠበል እንድገባ መክራኛለች።

ነገሩ የመጣው ከአባቴ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን የፈጁት ኤንትሬ በሚባለው አፍንጫ የሌለው የድሮ የጣሊያን መኪና ላይ፣ የዓባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ ነው። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ የጋራዥ ባለቤት ከውጭ ሲመለስ የኤንትሬን አምሳያ፣ ከመዳፍ ትንሽ የምትረዝም ቀይ የብረት መኪና አምጥቶ ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ ለኔ ሰጡኝ። ሰጡኝ እንጂ አልለቀቋትም። ቤት በገቡ ቁጥር ከጠረጴዛው ጫፍ ያስቀምጧትና አውራ ጣታቸውን ጣሪያዋ ላይ ጭነው ቀስ እያሉ ያስኬዷታል። ጠረጴዛው ዓባይ ነው፤ ጣታቸው ፍሬን ነው። "እዚህች መታጠፊያ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ነው። ፍሬን ላይ የተኛ ሾፌር ታች አይደርስም" ይሉኛል። በብዙ ዓመት ውስጥ የጣሪያዋ ቀለም ጣታቸው በሚያርፍበት ቦታ እየተላጠ ብረቱ ብቅ አለ።

ሌሎቹን መኪኖች ያገኘኋቸው አንድ በአንድ ነው፤ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ጆንያ ሥር፣ ዕቃውን ሸጦ አገር ከሚለቅ ሰው፣ ከመርካቶ ጥጋጥግ። ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሻጩ ራሱ ለልጅ መስሎት አንዲት ጎማ የሌላት መኪና ይመርቅልኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ስልክ ላይ ያለ ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። እሑድ ከሰዓት ጨረታ አለ። ሻጭ ፎቶ ይለጥፋል፣ ተጫራች ቁጥር ይጽፋል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ከፍ ያለው ቁጥር ይረታል። መጀመሪያ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚህች አገር እንደኔ ያበደ ሰው መኖሩን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። የየትኛው ዘመን ሞዴል እንደሆነች፣ በሯ ይከፈት እንደሆነ፣ ማን የት እንዳገኛት ስናወራ እናመሽ ነበር።

እያደር ግን ወሬው ሁሉ "ስንት ወጣች?" ሆነ። አንድ እሑድ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ቡናማ የዕቃ ማመላለሻ ቀረበች። ሁለት እልኸኞች ተገናኙባትና በሙክት ዋጋ ተሸጠች። በሚቀጥለው እሑድ ያቺ መኪና ያለው ሁሉ ከየሣጥኑ አወጣት። ሁሉም ሲያወጣት ደግሞ ረከሰች። መኪናዋ ያው ናት፤ ያው ቡናማ፣ ያው አስቀያሚ። ካርቶኗ ያልተከፈተ መኪና እጥፍ ታወጣለች መባልም መጣ። ገዢው አይከፍታትም፣ እሱም ለሌላው ይሸጣታል፣ ሌላውም አይከፍታትም። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ተራዬ አልደረሰም ነበር።

ተራዬ የደረሰው አንድ ሰው ልክ እንደኔዋ ያለች ኤንትሬ ይዞ የቀረበ ዕለት ነው። የበሬ ዋጋ አወጣች። ግሩፑ "ተወደደች፣ ተወደደች" እያለ ሲንጫጫ እኔ ስልኬን አንስቼ አባቴ ጋ ደወልኩ።

"አባባ፣ ኤንትሬዋ ተወደደች።"

"ማን ወደዳት?" አሉኝ።

የቅኔ ቤት ጎረቤት ያደጉ ሰው ናቸውና በቃል እየተጫወቱ መሰለኝ። ስለ ዋጋዋ አስረዳኋቸው። "ኧረ ደግ" አሉ።

በዚያው ሳምንት ብርጭቆ ቤት ሄጄ የመስታወት ሣጥን አሠራሁላት። አባቴ ከጡረታ በኋላ የሚኖሩት ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው በሮብ ገበያ ከተማ አጠገብ፣ በተወለዱበት ቀበሌ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች በጆንያ ይዘው ይመጡልኛል። ያን ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሲሰዱ መስታወቱ አገኛቸው።

"ምን ሆና ነው?"

"ቀለሟ እንዳይለቅ ብዬ ነው። አባባ፣ ከእንግዲህ አይንኩብኝ፤ ቀለሟ በለቀቀ ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል።"

እጃቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ሻያቸውን ጠጡና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜው እየዘለለ መጣ፤ በኋላም ድንቹ ብቻውን በሚኒባስ ረዳት እጅ ይደርሰኝ ጀመር። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። ልቤ እያወቀ ብርዱ ነው፣ ጉልበታቸው ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። መስታወቱን ባየሁ ቁጥር ግን ይከፋኝ ነበር። በመጨረሻ፣ ማንም የማይነካት ከሆነ ብትሸጥና አዲስ የፎቶ ኮፒ ማሽን ብትሆነኝ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። ደውዬ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ።

"ያንቺው ናት። የሰጡትን መልሰው አይጠይቁም" አሉ። ቀጥለው "በጨረታ ነው?" አሉኝ። አዎ፣ በመጪው እሑድ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ይጫረቱባታል አልኳቸው። "ደግ" አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ነበረብኝ። አባቴ በደብራቸው የንግሥ በዓል ጨረታ የሚያጫርቱት እሳቸው ናቸው። ምእመኑ ለስለት ያመጣው ጃንጥላ፣ በግ፣ የማር እንስራ ይቀርባል፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ቆመው "ማን ይጨምራል?" ይላሉ። ያልተጻፈ ደንብ አለው። የሰጪው ዘመድ ዕቃው በርካሽ ሲወድቅ ቆሞ አያይም፤ ነውር ነው። የረታውም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ "መልሻለሁ" ይልና ዕቃው እንደገና ይጫረታል። አንድ ጃንጥላ እልል እየተባለለት ደጋግሞ ሲሸጥ ይውላል፤ መጨረሻም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ያድራል።

እሑድ ደረሰ። ፎቶዋን ለጠፍኩ፤ የጣሪያዋን መላጥም አልደበቅሁም። አንድ የታወቀ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ጀመረ። ሌሎች ጥቂት ተከትለው ሄዱና ወደቁ። ከዚያ ስም የሌለው፣ በፎቶው ቦታ የመልአክ ሥዕል የለጠፈ እንግዳ ሰው ብቅ አለ። ሌላው ቁጥር ብቻ ሲጽፍ እሱ ከቁጥሩ ሥር "ጨምሬያለሁ" እያለ ይጽፋል። አንዴም "ለክብሯ" አለ። ግሩፑ ሳቀ። እኔ ግን ሃይማኖተኛ ሰው ነው፣ ገንዘቡን አይከለክለኝም ብዬ ደስ አለኝ። የአዲስ አበባው ሰው ጨመረ፣ መልአኩ ጨመረ። የበሬው ዋጋ ታለፈ፣ የወተት ላም ላይ ተደረሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ መልአኩ ረታ።

በግል ጻፍኩለት፦ "እንኳን ደስ ያለዎት። ወዴት ልላክልዎ?"

መልሱ ቆይቶ መጣ። "አትላኪያት። ነገ እመጣለሁ። አባትሽ ነኝ።"

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። ግሩፑ ውስጥ ያስገባቸው መናኸሪያው አጠገብ ያለው ስልክ ጠጋኝ ኖሯል። ኢንተርኔት የሚሠራው ከቤታቸው በላይ ካለው አፋፍ ላይ ስለሆነ ከሰዓቱን ሙሉ እዚያ ነፋስ ላይ ቆመው ነው የዋሉት።

"የልጄ ዕቃ ሲጫረት ዝም ብዬ ልይ? ሰውየውም ጨዋ ነው፣ ደጋግሞ ጨመረ። በይ እንግዲህ፣ እኔም መልሻለሁ። እንደገና አጫርቻት" አሉኝ፤ ድምፃቸው ድንጋይ ላይ እንደቆሙ ያለው ድምፅ ነው።

እዚህ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ የሻጭ ዘመድ እንደማይጫረት፣ ይህን ማጭበርበር እንደሚሉት ነገርኳቸው። መናገር አልነበረብኝም። ፊታቸው ጠቆረ።

"ማጭበርበር?" አሉ ቀስ ብለው። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔማ ጭራሽ አፋፉ ላይ ቆሜ ነው ያልኩት። ጊደሯን ሸጬ እከፍላለሁ።"

"ከርስዎ ገንዘብ ልቀበል ነው? ይልቅ ለምን አላቆሙም? ሰውየው እኮ ጥሩ ሰጥቶ ነበር።"

"ላቆም ነበር። ስልኩን ኪሴ ሁሉ ከትቼው ነበር። በኋላ የአዲስ አበባ ሰዎች ይጫረቱባታል ማለትሽ ትዝ አለኝ። ያለ እኔ ዓባይን ልትሻገር ነው አልኩና ጨመርኩ።"

ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅኋቸውም። ተነሥቼ የመስታወት ሣጥኑን ከፈትኩና መኪናዋን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩላቸው። "እኔም መልሻለሁ" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን አወጡ።

ለግሩፑ እውነቱን ጻፍኩ፤ የረቱት አባቴ ናቸው፣ ሳያውቁ ነው፣ ዋጋው ይሰረዝ አልኩ። ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ አልሰማም አለ፤ አስተዳዳሪው ከእንግዲህ እንዳልሸጥ ከለከለኝ። ፍርዱ ልክ ነው፤ አልተቀየምኩም። የገረመኝ ሌላው ነው። ወር ሳይሞላ አንድ ሰው ሌላ ኤንትሬ አቀረበና ከሥሯ "ማርቆስ ላይ በላም ዋጋ ወጥታለች" ብሎ ጻፈ። የተሰረዘ ነው ብዬ ብጽፍም የሰማኝ የለም። ኤንትሬ ያላቸው ሁሉ እንዲሰረዝ አልፈለጉም። መኪናዋም የላሟ ዋጋ ላይ ባትደርስ ከበሬው በላይ ተሸጠች። ገዢው ከዋጋው ውስጥ የቱ የብረቱ፣ የቱ የአባቴ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ አሁን የደንበኞች ጉርድ ፎቶ አስቀምጥበታለሁ። ቅዳሜው ተመልሷል፤ ድንቹም ከባለቤቱ ጋር ይመጣል። አልፎ አልፎ በግል የሚጽፍልኝ ሰብሳቢ አይጠፋም። ያቺን የማርቆሷን ኤንትሬ ትሸጫት እንደሆነ የጣሪያዋን ፎቶ ላኪልኝ ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ሲጠይቀኝ አንስቼ ላክሁለት። መላጡ ሰፍቶ ወደ መስኮቷ ወርዷል።

"ስንት አለሽ?" አሉኝ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሡ።

"ምንም አላለም።"

"ደግ" አሉና አውራ ጣታቸውን ጣሪያዋ ላይ ጭነው መታጠፊያውን በሁለተኛ ማርሽ ወረዱ።