ጋሼ ይማምን ያስጠረጠረኝ ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቼ ወደ ፒያሳ ስወርድ፣ አንድ ጎሚስታ በር ላይ የማስቲሽ ሽታ አስቆመኝ። ደሴ ለብስክሌት የምትመች ከተማ አይደለችም፤ ዳገቷ እግረኛውንም ያስተነፍሳል። ያ ሽታ ግን ቁልቁለቱን ይዞኝ ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከጋሼ ይማም ሳፋ አጠገብ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አድርጎ አስቀመጠኝ።

ያን ጊዜ ከአጎቴ የተረፈች አረንጓዴ ብስክሌት ነበረችኝ፤ ፍሬኗ የሚጮህ፣ መቀመጫዋ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የኋላ ጎማዋ ደግሞ አየር መያዝ የማይሆንለት። በተነፈሰ ቁጥር እየገፋሁ የምወስዳት አስፋልቱ ዳር፣ ግራር ሥር ወደሚሠሩት ጎሚስታ ወደ ጋሼ ይማም ነበር። እሳቸውም የውስጡን ካላማዳሪ መዘው አውጥተው፣ ነፍተው፣ በሳፋው ጥቁር ውኃ ውስጥ እያዟዟሩ ይነክሩታል፤ አረፋ ቡልቅ ባለበት ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉና እንደተደበቀ ልጅ «አገኘንህ!» ይሉታል። ለጥፈው ሲጨርሱ «አብሽር፣ ይኼ እስክትዳር አይተነፍስም» ይሉኛል። ወር ሳይሞላ ግን ጎማው በሌላ በኩል ተበስቶ፣ ተንፍሶ ይጠብቀኛል።

ጥርጣሬውን ያስጀመረኝ የጎረቤታችን ልጅ ከድር ነው። «ጎሚስታ ቀዳዳ ካልዘራ ምን ሊያጭድ ነው?» አለኝ። «ደግሞስ ያን ሁሉ ዛፍ ትተው እሾህ ካለው ግራር ሥር ምን አስቀመጣቸው?» እናቴም ሳታውቀው ጨመረችበት፤ ሽንኩርት ስትመርጥ እንኳ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ማለት ልማዷ ነበር። እኔ ደግሞ የተባልኩትን የምፈጽም ልጅ ነበርኩና በትጋት ጠረጠርኩ። ጋሼ ይማም በሠሩልኝ ቁጥር ብስክሌቷን ጓሮ ገልብጬ፣ ጎማውን በእናቴ ማንኪያ ፈልቅቄ፣ ልጥፉን እንደ ፈተና ወረቀት እመረምር ጀመር። ምንም አላገኘሁም። ምንም አለማግኘቴ ይበልጥ አጠራጠረኝ። በዚያው ማንኪያ እየገፋሁ ጎማውን መልሼ አስገባና እነፋዋለሁ። ጠዋት ተንፍሷል።

ነገሩ የከረረው በዒድ ማግሥት ነው። የሰፈሩ ልጆች ደጋን ከተማ ድረስ በብስክሌት ልንሄድ ተቃጥረን ነበር፤ እኔም ረመዳኑን ሙሉ ሌላ ሕልም አልነበረኝም። በዒድ ዋዜማ ጋሼ ይማም ሠሩልኝ፤ እኔም በዒዱ ማታ እንደ ልማዴ መረመርኩ። ጠዋት ገና ከሰፈር ሳንወጣ ጎማዬ ፍስስ ብሎ ተነፈሰ። ከድር «ነፍተህ ድረስብን!» አለኝና ሁሉም እየሳቁ ሄዱ። እየራቀ የሄደው ደወላቸው አሁንም ይሰማኛል።

እያለቀስኩ ግራሩ ሥር ደረስኩና ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ ይማም፣ የሚበሱብኝ እርስዎ ነዎት!» ብዬ ጮህኩ። አጠገባቸው ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ዞረው አዩኝ። ጋሼ ይማም አልተቆጡም። ካላማዳሪውን አውጥተው ነከሩና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች አሳዩኝ፤ እባብ የነደፈው ይመስላል።

«እሾህ እንዲህ አይበሳም፤ ይኼ ተቆንጥጦ ነው። ጎማውን በምንድን ነው የምትፈታው?»

«በማንኪያ» አልኩ፣ ድምፄ እየሟሸሸ።

«ለምን ትፈታዋለህ?»

አቀርቅሬ ሳፋውን ማየት ጀመርኩ። ሾፌሮቹ ግን ገባቸው። «ወላሂ ይማም፣ ተቆጣጣሪ ተሹሞብሃል!» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ጋሼ ይማም አልሳቁም። ቀዳዳዎቹን ደፈኑልኝና ከዕቃ ሣጥናቸው ጫፉ የለሰለሰ አጭር ብረት አውጥተው ሰጡኝ።

«መጠርጠርህ ካልቀረ በደህና ብረት ጠርጥር።»

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ኀፍረቴ እንኳ ሳይበርድ፣ በዚያው ብረት ጎማውን ፈትቼ አየሁት። በማግሥቱ አልተነፈሰም፤ በሳምንቱም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ነገር ግን ጎማዬ ደኅና ስለሆነ እሳቸው ዘንድ የሚወስደኝ ሰበብ አጣሁና በሌላ መንገድ እዞር ጀመር።

ዘንድሮ ለዒድ ኮምቦልቻ ስሄድ ሰበቡን ትቼ ቀጥታ ሄድኩ። ግራሩ ተቆርጧል። በቦታው የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ወጣት ጋሼ ይማም ወደ አኺራ ከሄዱ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገረኝ።

ቅዳሜ ዕለት ደሴ ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ያለ ጎማ፣ ያለ ብስክሌት ሽታውን ስስብ ጎሚስታው ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም፤ ሰላም ልልህ ብዬ ነው» አልኩት።

አላመነኝም፤ የዕቃ ሣጥኑን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ። ለጋሼ ይማም ያን ሁሉ ዓመት የፈለግኩት ሰበብ ግን ይህን ያህል አጭር ነበር።