የባለ ትልቁ በር እህት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በእጇ ጥራትና በኩርፊያዋ ርዝመት። የሚወዷት ሰዎች እንኳ "ኩርፊያዋም እንደ ስፌቷ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አይተረተርም" እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም ትሰማለች፣ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን መርፌዎች ሳታወጣ በዓይኗ ብቻ ገላምጣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የምትኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዋ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ሱሪዎችና ቀሚሶች። ባል አላገባችም። ለምን ስትባል "ማን ጊዜ ሰጠኝ?" ትላለች፤ እውነቷን ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሽ እህቷ ገና ጥርሷን ያልቀየረች ልጅ ነበረች። ከደንበኛ ልብስ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ እያለበሰች፣ ስትታመም እያዘለች፣ ስታጠፋ እየቆነጠጠች ያሳደገቻት እሷ ናት። ታናሽየዋም "እቴቴ" ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም።

ታናሽየዋ አደገችና አንድ ሲሚንቶ የሚቸረችር ልጅ አገባች። ልጁ ደግና ዓይን አፋር ነው፤ ያን ጊዜ ሱቁ ለሁለት ሰው የማትበቃ፣ እሱም ከአቧራው ብዛት ፊቱ የማይለይ ነበር። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ከተማው በድንገት ካልገነባሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሱቋ መጋዘን ሆነች፣ መጋዘኑ መኪና ገዛ፣ መኪናው ፎቅ አመጣ። ባልና ሚስቱም አቧራ ወደማይነሳበት ሰፈር፣ የብረት በሩ ከጭነት መኪና ወደሚረዝም ቤት ገቡ።

መጀመሪያ ላይ ልብስ ሰፊዋ በደስታ መሬት አልበቃት ብሎ ነበር። ታናሽየዋም እየመጣች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና እንደ ልጅነቷ ቁልፍ እየተከለች ስታወራ ትውላለች። ቆይቶ መምጣቷ ቀነሰ። ከዚያ ስልክ ብቻ ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው የታናሽየዋ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የጨረሰች ጊዜ ነው። አክስት ባዶ እጇን አትሄድም ብላ፣ ልብስ ሰፊዋ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርጋ ቀሚስ ሰፋች። በወረቀት ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ተጋፍታ፣ ከፌርማታው በእግሯ አዝግማ በሩ ጋ ደረሰች። ዘበኛው አዲስ ነው።

"ማንን ፈልገው ነው?"

"እህቴን።"

ከላይ እስከ ታች አያትና "ይጠብቁ፣ ይደወላል" አላት። ፀሐዩ አናቷን ሲመታት ቆመች። እሷ ቆማ መኪናዎች ጥሩንባ እየነፉ በሩን እያስከፈቱ ይገባሉ። በመጨረሻ አንዲት የቤት ሠራተኛ መጣችና በጓሮ በኩል አዙራ ኩሽና አስገባቻት። "እትዬ እንግዶች ላይ ናቸው፤ እዚህ ቁጭ ይበሉ።" ታናሽየዋ ሽቶዋ ከሩቅ እየተሰማ ብቅ አለችና ጉንጯን ሳም አደረገቻት። "እቴቴ፣ መጣሽ? አሁን መጣሁ፣ አንዴ!" ብላ ወጣች። ያቺ "አንዴ" ግን አላልቅ አለች። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል። ሠራተኞቹ ብርጭቆ ሊያጥቡ ሲመጡ በትህትና "ትንሽ ጠጋ ይበሉልን" ይሏታል። አንዴ ጠጋች፣ ደግማም ጠጋች። በኋላ ቀሚሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ በገባችበት ጓሮ ወጣች።

ማታውን ስልኩ ጮኸ። "እቴቴ፣ ምነው ሳትሰናበቺኝ?"

"እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው፣ እመቤት።"

"ከመቼ ወዲህ ነው እኔ 'እርስዎ' የሆንኩት?"

"ያን የሚያህል በር ያለው ሰውማ አንቺ አይባልም።"

በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ታናሽየዋ በደወለች ቁጥር በ"እርስዎ" ትወጋታለች። ሹፌር ዕቃ ይዞ ሲመጣ ከነካርቶኑ ትመልሰዋለች። ግቢውም ሙሉ በሙሉ ከጎኗ ቆመ። በተለይ ከጎን ክፍል ያለችው፣ ስታወራ ሦስተኛው ቤት ድረስ ስለሚሰማ ሬዲዮ ተብላ የምትጠራው ጎረቤቷ፣ "ደግ አደረግሽ! ገንዘብ ሲመጣ ዓይን ይጠፋል" እያለች በቧንቧው ዙሪያ ታውጅላት ነበር። ልብስ ሰፊዋም ባልዲዋን እየሞላች "እሷ ምን ይጎድልባታል?" ትል ነበር። ቃሉ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ይጣፍጣት ነበር።

እንዲህ ከከረመች በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ደንበኛዋ የተበላሸ ዚፕ ይዛ መጣች። ቁጭ ብላ ስትጠብቅ እንደዋዛ፣ "እህትሽስ እንዴት ናት? ቀዶ ጥገናው ከበድ ያለ ነበር ሲሉ ሰማሁ" አለች።

የስፌት መኪናው ቆመ። "የምን ቀዶ ጥገና?"

ሴትዮዋ ነገር ማበላሸቷ ገባትና አፏን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ዚፑንም ደንበኛዋንም ትታ፣ ሜትሯን እንኳ ከአንገቷ ሳታወርድ በሩን ወጣች።

ሆስፒታሉ የግል ነው፣ ወለሉ መስታወት ይመስላል። መንገዱን ሁሉ ከዘበኛ ጋር ለመጣላት ስትዘጋጅ ነበር የመጣችው፤ ማንም አላስቆማትም። ክፍሉን ስትከፍት አበባ ብቻ ነው ያየችው። ጠረጴዛው ላይ አበባ፣ መስኮቱ ላይ አበባ፣ የድርጅት ካርድ የተንጠለጠለባቸው የፍራፍሬ ቅርጫቶች። ከአልጋው አጠገብ ያለው የእንግዳ ወንበር ግን ፕላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። ታናሽየዋ ከስታ፣ ፀጉሯ ተበታትኖ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ዞረች።

"እቴቴ… ሜትር ይዘሽ? ለሬሳ ሳጥን ልትለኪኝ ነው እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው "እርስዎ" የት እንደገባ ጠፋባት። "አንቺ የማትረቢ!" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። "ለምንድን ነው የማትነግሪኝ?"

"ብነግርሽ 'ይማርዎት' ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ፕላስቲኩን ቀዳ ጣለችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እጇን ያዘቻት፤ ቀዝቃዛ ነው። ባልየው ጠዋትና ማታ እየመጣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ልጅቷ ሌላ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ስለሆነች እንዳልተነገራት ሰማች።

"ሌላ ሰውስ? ማን መጣ?"

"አበባ መጣ" አለች ታናሽየዋ። "ሹፌር ይልካሉ። ሹፌሩ ያስቀምጥና ይሄዳል። የድሮዎቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ምን ይጎድልባታል ይላሉ አሉ።"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወደ ፍራፍሬው መለሰች። ያን ቃል የት፣ ከማን አፍ እንደወጣ ታውቀዋለች።

 ከዚያ ታናሽየዋ ጣሪያውን እያየች፣ "ያን ቀን ኩሽና ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። ሠራተኛዋ ከራሷ አይደለም ያደረገችው" አለች።

"ተይው አሁን።"

"አልተወውም። ሳሎን የባሌ የሥራ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ነበሩ። በመስኮት ስትመጪ አየሁሽ፤ መጀመሪያ ያየሁት ጫማሽን ነው። አቧራ ነበረው። ያን በር እኮ፣ እቴቴ፣ የሚያንኳኳው ሁሉ የሆነ ነገር ፈልጎ ነው። ሰው ሲመጣ ምን ሊለኝ ነው ብዬ ማየት ለመድኩ። አንቺንም እንደዚያው አየሁሽ። ወዲያው ደነገጥኩ፤ ግን ደንግጬም ኩሽና አስገቧት አልኩ።"

 ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታኮርፍ፣ በልቧ ጥግ ላይ የሠራተኛዋ ጥፋት ይሆናል የምትል ተስፋ ደብቃ ኖሯል። አሁን ያቺም ተስፋ ሄደች። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ታችኛው ግቢ ላይ አንድ ሰው መኪና ያጥባል። 

"ቀሚሱስ?" አለች ሳትዞር።

"ክንዱ ጠበባት።"

"አይጠባትም!" ብላ ዞረች። "የልጅቷን ክንድ አላውቅም እንዴ? በዓይኔ ነው የምለካት!"

"አድጋለች፣ እቴቴ።"

 ልብስ ሰፊዋ በልቧ ይዛ በቆየችው ልጅ ልክ ሰፍታ፣ ያደገችውን ልጅ ልትሸልም ሄዳ ነበር። ይህ ያስቃት ይሁን ያስለቅሳት ሳታውቅ ሳቁም እንባውም መጡባት።

"እኔም 'እርስዎ' እያልኩ ስወጋሽ ደስ ይለኝ ነበር" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

"አውቃለሁ። ድምፅሽ ላይ ይሰማል።"

ከሆስፒታል ስትወጣ ታናሽየዋ "አንቺ ጋ ልረፍ" ብላ ድርቅ አለች። ባልየው ግራ ገብቶት "እትዬ፣ እርስዎ ይምከሯት እንጂ" ቢል፣ እትዬም "ምን ላይ ላስተኛት ነው?" ብትል የሚሰማ ጠፋ። አልጋው ለታናሽየዋ ተለቀቀ፤ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፈች።

ያ ታናሽየዋን በሐሜት ሲያነሳት የከረመው ግቢ፣ እሷ ስትገባ ሌላ ግቢ ሆነ። ወንበር የሚጠርግላት በዛ። ቧንቧው ጋ ስትጠጋ ወሬው ቀጥ ይላል። "ደኅና አደሩ? እንዴት ነዎት?" ብሎ መበተን ብቻ። ሬዲዮ እንኳ ድምፅዋን ቀንሳ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማች። ታናሽየዋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት፣ ሦስተኛውንም እንዲህ አሳለፈችና፣ "እቴቴ፣ እዚህም ያው የኔው ሳሎን ሆነብኝ። ሁሉም ሰው ከበር ውጭ እንደቆመ ነው" አለች። 

ሻል ሲላት፣ አንድ ጠዋት ታናሽየዋ የሌሊት ልብሷን በእጇ አጠበች። ገመዱ የማን ነው ሳትል የተሰጡትን አንሶላዎች ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ሰቀለችው። ውሃው አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል።

"ማናት ይቺ ዓይነ ደረቅ!" የሚል ድምፅ ግቢውን አናወጠው። ሬዲዮ ናት። ገመዱ ጋ ስትደርስ ማን እንደሆነች አየች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሁሉም በየበሩ ቆሞ ያያል።  ነገር ግን አንሶላው የታጠበው ገና ጠዋት ነው፤ ንዴቱም ገና ትኩስ ነው። "ብትሆኚስ!" አለች ሬዲዮ በመጨረሻ። "ፎቅ ቢኖርሽ ገመዱ የኔ ነው! አንሺልኝ!"

"ገመዱ ላይ ስምሽ ተጽፏል?" አለቻት ታናሽየዋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"ጽፌ ላሳይሽ?"

"ጻፊዋ! ፊደሉን ካወቅሽው!"

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ስትወጣ፣ እህቷ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ገመዱን ተደግፋ በሳቅ ትንፈራፈራለች። "አታስቂኝ… የሐኪሙ ስፌት ይፈታል!" ሬዲዮም ሳቋ አመለጣት፤ ሦስተኛው ቤት ድረስ ተሰማ። ከሰዓት ላይ ሬዲዮ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ሾርባ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ አስቀመጠች። "ብዪ፣ አጥንት ብቻ ሆነሻል" አለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላም እስኪመሽ አልተነሣችም።

ታናሽየዋ አገግማ ቤቷ ገባች። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ለማለት አይቻልም። በሩ ያው ረጅም ነው። ልብስ ሰፊዋ ስትሄድ በፊት በር ገብታ ሳሎን ትቀመጣለች፣ እንግዶቹም ጫማዋን አየት ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ታናሽየዋ ለአንድ የታወቀ ነጋዴ ሚስት ስታስተዋውቃት "እህቴ ዲዛይነር ናት" አለች።

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ።

ታናሽየዋ ፊቷ ቀላ። አንገቷን ደፍታ ቆየችና ቀና አለች። "ልብስ ሰፊ ናት" አለች። "ያሳደገችኝም እሷ ናት።" ሴትዮዋ ፈገግ አለች፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ግን ወሬዋን ወደ ሌላ ሰው አዞረች። ልብስ ሰፊዋ ይህን አየች። እህቷም ማየቷን አየች። ታናሽየዋ ከነጋዴው ሚስት አጠገብ ተነሥታ መጣችና እቴቴዋ ጎን፣ ጠበብ ባለችው መቀመጫ ላይ ተጣብቃ ተቀመጠች።

"ሻይሽ ቀጥኗል" አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

"ነግሬያቸዋለሁ እኮ፣ አይሰሙኝም።"