በአውቶብስ እስከ ፓናማ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሊያ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለው ቤቴ መጥታ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ከጓደኞቿ ጋር ሻንጣ በጀርባ አዝለው ከሜክሲኮ እስከ ፓናማ ሊሄዱ ነው። “አጎቴ፣ ላይክ፣ ድንበሩን ሁሉ በአውቶብስ ክሮስ እናደርጋለን!” አለችኝ። ቪዛስ? አልኳት። “በአሜሪካ ፓስፖርት እኔን ማን ይጠይቀኛል?” ብላ ሳቀች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንድድ አልኩ። በእሷ አይደለም፣ በራሴ ነው።

እኔም ይህንኑ መንገድ አቅጄ ነበር። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ። ቀን ሚድታውን አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶች መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ እነሱ ስለጉዟቸው ሲያወሩ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። የምኖረው ክላርክስተን ነበር፣ ደምሰው ከሚባል ልጅ ጋር አፓርታማ ተጋርተን። ደምሰው ዝምተኛ ነው። ጠዋት ጠዋት እንቁላል በቃሪያ ሲጠብስ እስከ ጎረቤት ያስነጥስ ነበር። አሜሪካ እንዴት እንደገባ ጠይቄው አላውቅም። እኛ ዘንድ አይጠየቅም። በዲቪ የመጣ ሰው ሳትጠይቀው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይነግርሃል፤ ካልነገረህ አንተም ዝም ትላለህ።

ትልቅ ካርታ ገዝቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ዝናቡ የት መቼ እንደሚጀምር፣ የትኛው ኬላ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ስጽፍ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ ጓቲማላ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምር ደምሰው ከኋላዬ መጣ።

“ከዚህች ከተማ በቀን ሁለት አውቶብስ ብቻ ነው የሚነሣው” አለ። “የጠዋቱ ካመለጠህ ቆመህ ነው የምትውለው።”

“አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?” አልኩት እየሳቅሁ።

“መጥቼበታለሁ።”

ብራዚል ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በኋላ ግን ያን ሁሉ አገር በአውቶብስና በእግሩ አቋርጦ ነው ለካ የመጣው። እኔ ለሽርሽር ወደ ታች የማሰምረውን መንገድ እሱ ነፍሱን ይዞ ወደ ላይ ወጥቶበታል። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ካርታውን ላነሣው ስል እጄን ያዘኝ።

“ተወው። ፓናማ ትደርሳለህ?”

“መጨረሻዬ እሱ ነው።”

ፓናማ ጠረፍ ላይ ያለው ጫካ የሚያልቅበት ወንዝ ላይ ጣቱን አሳረፈ። “ዳዊት እዚህ ነው ያለው። አብረን ነበር የወጣነው፣ ወንዙ ወሰደው። የመንደሩ ሰዎች ቀበሩልን። እናቱ መርዶውን አልቀበል ብላለች፤ መቃብሩን ካላየሁ ልቅሶ አልቀመጥም፣ ልጄ ይመጣል ትላለች። እኔ የጥገኝነት ወረቀቴ እስኪያልቅ ከዚህ መውጣት አልችልም። ፎቶ አንሣልኝ።”

“እናቴ ትሙት፣ አነሣልሃለሁ!” ብዬ ማልኩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎቹ በግሪን ካርድ ያስገባሉ፤ መሀል ላይ ያለች አንዲት አገር ግን ቪዛ ትፈልጋለች። ዲቪውን የሞላልኝ የሰፈራችን ኮምፒውተር ቤት ልጅ የልደት ዘመኔን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ አስገብቶት ነበር። እንዳይበላሽብኝ ብዬ ፓስፖርቴንም በዚያው አወጣሁ፤ አሜሪካ የገባሁት እንግዲህ ስምንት ዓመት አርጅቼ ነው። ለጉዞው ፓስፖርት ሳሳድስ ደግሞ፣ እኔ ብልጡ፣ እውነተኛውን ዘመን አስጻፍኩ! በግሪን ካርዴ ሠላሳ አራት፣ በፓስፖርቴ ሃያ ስድስት ሆንኩ። የቪዛዋ ሴትዮ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ “የትኛው ነህ?” አለችኝ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ብል ማን ሊሰማኝ! ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ደብዳቤ አስጻፍኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ እረፍቴን ሁለቴ አዛወርኩ፣ አለቃዬ ተነጫነጨ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመልሰኝ ቤት ገብቼ ካርታውን ከግድግዳው ገነጠልኩት።

“ገደል ይግባ! በቃኝ!” ብዬ ጮኽኩ።

ደምሰው ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። እጁን አጥቦ መጣና ካርታውን ከወለሉ አንሥቶ አጣጠፈው። “ይሁን፣ አይዞህ” አለኝ። እኔን አይዞህ! ካርታውን ይዞ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዳዊት አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ወረቀቱ ሲያልቅለት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሳይነግረኝ ራሱ ሄደ። ይህንን የሰማሁት ከሚስቱ ነው፣ አንድ ሰርግ ላይ። መቃብሩን አግኝቶ ፎቶውን ልኮ ነበር። እናትየዋ ግን አልደረሰችበትም። ፎቶው ሳይደርስ በዚያው ዓመት፣ ልጄ ይመጣል እንዳለች፣ አርፋለች።

ሊያ አሁንም አውቶብሶቿን ትፈልጋለች። “አጎቴ፣ ምነው አኮረፍክ?” አለችኝ። ምን ልበላት? ያኔ የተናደድኩት በሴትዮዋ፣ በኮምፒውተር ቤቱ ልጅ፣ በቪዛው ነበር፤ ያቺን አገር በላይዋ አልፎ መሄድ እንደሚቻል ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። በአውቶብስ ካልሆነ ብዬ ነበራ! ከአትላንታ ፓናማ በአውሮፕላን የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ያኔም አራት ሰዓት ነበር።