ሳልለካ የጻፍኳቸው አራት መስመሮች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኡስታዛ ሱዓድ ከስሜ በፊት እጄን ጠየቁኝ። መዳፌን አገላብጠው አዩ፤ ቀለበቴን አስወለቁ፤ ጥፍሬን አስቆረጡኝ። "አሁን ታጠቢ" አሉ። ታጠብኩ። "ድገሚ።" ደገምኩ። በሦስተኛው ነው "ስምሽ ማነው?" ያሉኝ።

"አሚና" አልኳቸው።

ቦታው ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር ያለ የቅጠላ ቅጠል ማጠቢያና ማሸጊያ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ሰባት ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳሜ ከተማ ስትለቅ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ወደዚህ ድርጅት ተዛወረልኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላጣ በኮምጣጤ ሳጥብ ኖሬ፣ ቅጠል ማጠብ የሚያስተምረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ኡስታዛ፣ መምህርት፣ የምንላቸው ሱዓድ የጥራት ተቆጣጣሪያችን ነበሩ፤ ሱዳናዊ ናቸው። አዳራሹ እንደ ፍሪጅ ስለሚቀዘቅዝ ከውጭ በገቡ ቁጥር መነጽራቸው ጉም ይለብስና በዳበሳ ይሄዳሉ። ያን ጊዜም ቢሆን ኮፍያዋን ያላጠለቀች ሴት አታመልጣቸውም።

ሦስት ገንዳ አለን። በመጀመሪያው አፈሩ ይለቃል፣ ሁለተኛው ክሎሪን ያለበት ውሃ ነው፣ በሦስተኛው ይለቀለቃል። እኔ የተመደብኩት ሁለተኛው ላይ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቀጭን የመለኪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ እነክራለሁ። ክሎሪኑ በቂ ከሆነ ወረቀቱ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከሌለ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ቀለሙን ብልቃጡ ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር አስተያይቼ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ።

"ክሎሪኑ የተበከለውን ቅጠል የሚያድን እንዳይመስልሽ" አሉኝ። "የሚጠብቀው ውሃውን ነው። አንድ የተበከለ የቅጠል እስር ገንዳው ውስጥ ቢገባ፣ ያልታከመ ውሃ ጀርሙን ለመቶው ያድለዋል።"

አንድ የሐምሌ ቀን አንድ መኪና ሰላጣ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶበት ሞቆ መጣ። የድርጅቱ ባለቤት አቡ ፈይሰል "ኸላስ፣ በቃ እጠቡት" አሉ። ኡስታዛ እጃቸውን ቅጠሉ መሀል ከተው "ይሄ እኮ ትኩሳት ይዞታል" አሉና መኪናውን መለሱት። አቡ ፈይሰል እየተቆጡ ወጡ። በማግስቱ ግን ለሁላችንም ቁርስ ላኩልን። ሰውየው እንዲህ ናቸው፤ ቁጣቸው አያድርም።

ኡስታዛን እወዳቸው ነበር። እግሬን ብርድ ሲያሳምመኝ የሱፍ ካልሲ ገዝተው ቦቲዬ ውስጥ ከተው ጠበቁኝ። እንዲህ የምወዳቸውን ሴት ነው የዋሸሁት።

ረመዳን ነበር። በረመዳን ሰላጣ የማይጠይቅ ምግብ ቤት የለም። ሁሉም ከጾም መፍቻው፣ ከመግሪብ አዛን በፊት እንዲደርስለት ይፈልጋል። ያን ቀን ሁለት ሴቶች ታመው ቀርተዋል፤ የእነሱንም ሥራ ደርቤ ያዝኩ። ከዙህር ሶላት በኋላ አንድ ጊዜ ለካሁ፤ ደህና ነበር። ከዚያ፣ ጊዜ ላለማባከን ብዬ የሚቀጥሉትን አራት መስመሮች በአንድ ጊዜ ሞላኋቸው። ያው ቁጥር፣ ያው ፊርማ።

ከዐስር ሶላት በኋላ መኪናው ጭኖ ወጣ። ፋታ ሳገኝ ወረቀቱን ነከርኩ። ነጭ። ሌላ ነከርኩ። ነጭ። ገንዳውን የሚመግበውን የክሎሪን በርሜል ብነቀንቀው ባዶ ነው። መቼ እንዳለቀ አላውቅም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ሥራው ይቀራል፣ ኢቃማውም አብሮ ይሄዳል፤ አገር ቤት ደግሞ እኔን የሚጠብቁ አሉ። ይሄን ሁሉ አሰብኩ። እግሬ ግን ወደ ኡስታዛ ቢሮ ሄደ።

"ኡስታዛ፣ ደብተሩ ውሸት ነው።"

"ስንት መስመር?"

"አራት።"

አልጮሁም። "በዓይንሽ ያየሽው የመጨረሻው የቱ ነው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። "እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እንዳልታጠበ ይቆጠራል።"

አቡ ፈይሰል መጡ። ጅርጅር ከሚባለው ቅጠል አንድ እስር አንስተው "ይኸው ንጹሕ ነው። ማን ያውቃል?" አሉ።

"አሚና ታውቃለች" አሉ ኡስታዛ።

አቡ ፈይሰል እኔን አዩኝ፤ እስሩን አስቀመጡት። "ሂዱ፣ አምጡት። ያላ!"

ሣጥኖቹ ላይ ባለው የሰዓት ምልክት የዚያን ሰዓት እጥበት ለየነው። ሁሉም የሄደው ሱለይማኒያ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ነው። ሾፌራችን ተስፋዬ፣ የጎጃም ልጅ ነው፣ ስልኩን ሲያነሳ "እህቴ፣ አሁን አራግፌ ጨረስኩ" አለኝ። እዚያው እንዲጠብቀን ነገርኩት። ኡስታዛ በራሳቸው መኪና ይዘውኝ ወጡ። ከኢፍጣር በፊት ያለውን የሪያድ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይከንፋል። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ይነዳሉ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ አልቅሰሽ ስትጨርሺ ሰዓቱን ንገሪኝ" አሉኝ።

ስንደርስ ሶሪያዊው ዋና አብሳይ ኒዛር ሁለት ትልልቅ ሳሕን ሰላጣ ከትፎ ጨርሷል። ኡስታዛ ስለ በርሜሉ ማስረዳት ጀመሩ።

"እኔ ነኝ" ብዬ አቋረጥኳቸው። "ሳልለካ ለካሁ ብዬ ጻፍኩ። እባክህ እንዳታቀርበው።"

ኒዛር ቢላዋውን አስቀመጠ። "እንግዶቼ እኮ ሊቀመጡ ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሳሕኖቹን አንድ በአንድ አንስቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋቸው። መክተፊያውንና ቢላዋውን እንዲያጥቡ ረዳቶቹን አዘዘ። "የተጠበሰ ባድንጃንና ምስር አለኝ" አለ፣ አሁንም እየተቆጣ። "ዛሬ የበሰለ ይበላሉ።"

ተስፋዬ የቀሩትን ሣጥኖች መልሶ ሲጭን የመግሪብ አዛን ተባለ። ኒዛር በጓሮው በር ቴምርና ውሃ ላከልን። ተስፋዬም አንድ አነሳ። "አንተ ደግሞ?" አልኩት።

"እኔም ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ" አለ። "የኔ ጾም ቴምር አይከለክልም።"

ኡስታዛ ሱዓድ ሳቁ። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅኩ።

አልተባረርኩም። አንድ ወር ከገንዳው ተነስቼ ወለል አጸዳሁ። አራቱን መስመሮች ኡስታዛ አልቀደዷቸውም፤ በቀይ ሰርዘው ከጎናቸው "አልተለካም" ብዬ እንድጽፍ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ የተነከረው ወረቀት ራሱ ከቁጥሩ ጎን እየተለጠፈ እንዲቀመጥ ደነገጉ። በርሜሉም የክሎሪኑ መጠን የሚታይበት መስኮት ያለው ተደረገ። ኒዛር ለጥቂት ጊዜ ማዘዝ አቁሞ ነበር፤ ሲመለስ "ያቺ ልጅ አሁንም ትለካለች?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

ኡስታዛ አሁን ጅዳ፣ ልጃቸው ጋ ናቸው። እየደወልኩ እጠይቃቸዋለሁ። የእሳቸውን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው ይህን ነው። ሥራ በዝቶባችሁ ሳትለኩ ካለፋችሁ መስመሩን ባዶ ተዉት። ባዶ መስመር ሳይ መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። የተሞላውን ግን ማንም አይጠይቅም።