ጣይባ አደብዝዘው ያለችው መነጽር

ዘይኑልአቢዲን መነጽር መሥራት ያቆመው ዓይኑ ደክሞ ነው የሚል ወሬ ደሴ ውስጥ ዛሬም አለ። ውሸት ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊው ብሩ ሰኞ ገበያ ላይ ከሱቁ ጋር በአንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ተለያይቼ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁና ነገሩን ለወሬኛ አልተውም።

ዘይኑ የቀንድ ሠራተኛ ነው። አባቱ ዋንጫና ማበጠሪያ ይሠሩ ነበር። እሱ ግን አንድ የአሰብ ሹፌር የተሰበረ ጥቁር መነጽር አምጥቶ «ጠግንልኝ» ካለው ቀን ጀምሮ ከዋንጫው ተፋታ። የተሰባበረውን ፕላስቲክ ጣለና መስታወቱን በቀንድ አቀፈው። ሹፌሩ ያንን አድርጎ በረሃ ወርዶ ሲመለስ ሌሎች ሹፌሮችን አስከትሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩን መስታወት ከአሰብ የሚያመጡለት እነሱ ሆኑ። ቀንዱን ደግሞ ራሱ ኮምቦልቻ ቄራ እየወረደ ነው የሚገዛው። ሲመርጥ ብታዩት ሚስት የሚያጭ ነው የሚመስለው፤ አገላብጦ፣ አንኳክቶ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አስቀምጦ፣ ደግሞ ተመልሶ አንስቶ። ሻጮቹ ገና ሲያዩት «መጣ ደግሞ» ይሉ ነበር።

ቀንዱን ይቀቅልና ሲለሰልስ በሁለት የጋለ ብረት መሐል ይጨፈልቀዋል። ከዚያ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። በመጨረሻ በአመድና በቅቤ ይወለውለዋል፤ ፊትህን እስክታይበት ድረስ። የሰውን ፊት የሚለካው በክር ነበር። ከጆሮ እስከ ጆሮ ይዘረጋና አፍንጫው ያለበት ላይ ይቋጥራል። ክሩን ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ይሰቅለዋል። የአንዱ መነጽር ለሌላው አይሆንም፤ በዚህም በጣም ይኮራ ነበር።

በንጉሡ ጊዜ የሚያደርጉት ዳኞችና የትልልቅ ነጋዴ ሚስቶች ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ አለቀለት ብዬ ነበር። ካድሬዎቹ ስብሰባ ላይ «የቡርዧ ዕቃ» ብለው ይሰድቡትና በጓሮ በኩል ሰው ልከው ያሠሩ ነበር። እሱም ያው ይሠራል። ለዳኛም ይሁን ለካድሬ፣ ሳይበራ ከእጁ አይወጣም። «ትንሽ ቢቀረውስ ማን ያውቃል?» ስለው «ቀንዱ ያውቃል» ብሎ ይዘጋኛል። የሚያናድድ ሰው ነበር፤ እወደው ነበር።

ያለው አንድ ልጅ ነው፣ በሺር። በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት ዓይኑን ጎድቶት አለፈ። ጥላ ውስጥ ሲሆን ዓይኑ ያምራል፤ ጎደሎ ያለው አይመስልም። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን እንባው ይወርዳል፣ የገዛ እጁ እንኳ አይታየውም። ስለዚህ አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱ በሰፋ ቁጥር አዲስ መነጽር ይሠራለታል። መነጽሩን ሲያደርግ በሺር እንደ ማንም ልጅ ነው። ኳስ ይጫወታል፣ ገበያ ይላላካል፣ ኮረዶቹም ይስቁለታል። እናቱ ጣይባ «ዓይኑን የሰጠው አላህ ነው፣ የመለሰለት አባቱ» ትል ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠራ። ኮምቦልቻ ቀርቦ ይታያል፤ ሕመም ያለበት ይመለሳል ተባለ። ዘይኑ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ለዚያ ቀን አዲስ መነጽር መሥራት ጀመረ። ጠጅ የመሰለ ቀንድ ነበር፣ ለዓመታት አስቀምጦት ማንም ሲለምነው እምቢ ያለበት። እኔም ከአንድ ካፖርት ከተረፈኝ ቀይ ገበር ማኅደር ሰፋሁለት።

ዋዜማው ላይ ጣይባ እንደ ወትሮው ምሳ ይዛ መጣችና ሲወለውል አየችው። ቆማ ትንሽ ተመለከተች።

«ዘይኑ፣ ይሄን ነገር ትንሽ አደብዝዘው።»

«ለምን ሲባል?»

«እንዲህ እያበራ ሲያዩት ሕመምተኛ ነው ብሎ የሚያምን አለ? አንተ ተወው፤ እኔ ዓይኑን በሻሽ ሸፍኜ፣ እጁን ይዤ ልውሰደው።»

«ልጄን እንደ ለማኝ? ወላሂ አይሆንም። ሰው ፊት እኮ ነው የሚቀርበው! ይሄን ያየ ሰው፣ አባቱ ይሄን ያህል የለፋው ለቀልድ አይደለም ይላል።»

«እነሱ ዓይን ሊያዩ አይደለም የተቀመጡት። እግር ነው የሚፈልጉት።»

«ሳይበራ ከእጄ የወጣ ሥራ የለም፣ ጣይባ።»

ጣይባ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። እሱ ጨርቁን አንስቶ ቀጠለ።

በነጋታው አባትና ልጅ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ገቡ። የሆነውን ዘይኑ ራሱ ነው የነገረኝ። ወጣቶቹ የሚታዩት አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቤተሰብ በር ላይ ይቆማል። መጋዘኑ ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ ነበር። የበሺር ተራ ሲደርስ መኮንኑ ቀና አለ።

«አውልቅ።»

አወለቀ። መኮንኑ ዓይኑን አየው፤ ጥርት ያለ ዓይን። ከዚያ መነጽሩን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ራሱ ላይ አደረገው፣ በመስኮቱ መስታወት መልኩን አየ።

«ዓይኔን ያመኛል ትላለህ። ይሄ የሽርሽር ዕቃ ነው እንጂ የሕመምተኛ ነው?»

«ጓድ፣ ፀሐይ ላይ አውጥተው ይዩኝ» አለ በሺር።

«ፀሐይማ የምትሄድበት ሞልቶልሃል።»

የተሰለፉት ሳቁ። ዘይኑ በር ላይ ሆኖ ጮኸ፤ «ኩፍኝ ነው! ሐኪም ይጠየቅ!»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«አባቱ ነኝ። ሠሪውም እኔ ነኝ።»

መኮንኑ መነጽሩን አውልቆ አንዴ ደግሞ አየው። «እጅህ ይባረክ» አለው። «ለኔም አንድ ትሠራልኛለህ።» ከዚያ መነጽሩን ለበሺር መለሰለትና ከሚሄዱት ጋር እንዲሰለፍ በእጁ አሳየው።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ምስጋና ሲሰማ ኖሯል። ያቺን አንዷን ግን እስኪሞት አልረሳትም። «ሥራዬን አወቀልኝ እኮ፣ ብሩ» አለኝ። በሺር መኪናው ላይ ሆኖ «አብዬ፣ አብሽር! በዚህ አያለሁ» ብሎት ሄደ።

ዘይኑ የመኮንኑን ፊት በዓይኑ ገምቶ መነጽሩን ሠርቶ፣ ልጄን ይመልስልኝ ይሆናል ብሎ ኮምቦልቻ ወረደ። ተዛውሯል አሉት። ይዞት ተመለሰ። ከሰሜን ግንባር የሚመለስ ሹፌር ባየ ቁጥር ይጠይቃል፤ አንዱ «ደህና ነው አሉ» ይለዋል፣ ሌላው አላየሁም ይለዋል። ጣይባ ምሳውን ታመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሳህኑን ይዛ ትሄዳለች። «ነግሬህ ነበር» አላለችውም። ብትለው ይቀለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ዝምታዋን መቻል ለኔ ለጎረቤቱም ከብዶኝ ነበር።

በዓመቱ ግድም አንድ ቀጭን ወታደር ሱቄ በር ላይ ቆመ። የግራ እጅጌው ባዶ ነው። በቀኙ የያዘውን ሳየው መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ቀይ ገበር ነበር፤ የገዛ ስፌቴን አላጣውም።

«የቀንድ መነጽር የሚሠሩት አባት የት ናቸው?» አለኝ።

ይዤው ገባሁ። ዘይኑ ማኅደሩን አየ፣ ወታደሩን አየ፣ ከዚያ «ተቀመጥ» አለው። ወታደሩ ሞላልኝ እባላለሁ አለ፤ ከበሺር ጋር አንድ ምሽግ ነበርን፣ ከሆስፒታል ወጥቼ ወደ አገሬ እየሄድኩ ነው አለ። ከዚያ ማኅደሩን ለዘይኑ አቀበለው።

«ንገረኝ» አለ ዘይኑ። «ከየት ጀምረህም ቢሆን ንገረኝ።»

«አባቴ፣ ያለንበት ዛፍ የሌለው ገላጣ ነው። ጠዋት ልንንቀሳቀስ ስንል አዛዣችን ‹ያንን የሚያበራ ነገር አውልቅ፣ ታስመታናለህ› አለው። በሺር አላወልቅም አለ፤ ካወለቅሁ አላይም አለ። አቧራ ቀባነው። ቀንዱ አልይዝ አለ፤ እያንሸራተተ ይጥለዋል። በድንጋይ ሊፍቀው ሞከረ፤ ጊዜ አልነበረም። አውልቆ ለኔ ሰጠኝና ‹ያዝልኝ፤ እጄን ግን እንዳትለቅ› አለኝ።»

ዘይኑ ማኅደሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«አልለቀቅሁም፣ አባቴ። ይዞት የነበረው ይሄኛውን እጄን ነው።» ወደ ባዶው እጅጌ በአገጩ ጠቆመ። «ተመታሁና ወደቅሁ። እሱ ቆሞ ቀረ። ፀሐዩ ፊት ለፊቱ ነበር። ስሜን እየጠራ ሄደ፤ ወደኛ ሳይሆን ወደነሱ። ስጮህለት ተኩሱ አላሰማውም። ሲወድቅ አየሁት።»

ወታደሩ ማልቀስ ጀመረ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ። ዘይኑ ግን ተነሣና ከሚስማሩ ላይ አንዱን ክር አወረደ። መነጽሩን ከማኅደሩ አውጥቶ ክሩን ከጆሮ ዘንግ እስከ ጆሮ ዘንግ ዘረጋበት። ቋጠሮው አፍንጫው ላይ ልክ ገጠመ። አንደኛው ዘንግ ላይ የድንጋይ ጭረት ነበረበት፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የቀረው ቀንድ ልጁ ደሴን ለቆ በሄደበት ቀን እንደነበረው ያበራል።

ተቀመጠ፣ የብርጭቆ ወረቀት አነሣ፣ ማሸት ጀመረ። በሕይወቱ አብርቶ ያወጣውን ሥራ መልሶ ሲያደበዝዝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህም መነጽር አልሠራም። «ተው፣ ዘይኑ» ብለው አልሰማኝም። የቀንዱ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል።

የምሳ ሰዓት ነበርና ጣይባ ገባች። ወታደሩን አየችው፣ ቀዩን ማኅደር አየችው፣ ባሏ የሚያደርገውን አየችው። ማንም አልነገራትም። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አሁን ነው የምታደበዝዘው?» አለችው።

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ ቀና ሳይል። «ትንሽ ነው፣ ጣይባ።»

ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችበት። ልትጥለው መስሎኝ ነበር። ለሁለት ቀደደችና ግማሹን መለሰችለት፤ አጠገቡ ተቀምጣ በሌላው ግማሽ የወዲህኛውን ዘንግ ታሽ ጀመር። መነጽሩን በሁለት በኩል ይዘው፣ ሳይነጋገሩ፣ እያለቀሱ አሹት። የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ መነጽሩ አያበራም ነበር።