ዛጎሉ ውስጥ የነበረው

ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ዳር ባለው የአክስቴ የዝናሽ ቤት፣ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ ወሬው ወደ ተረት ይዞር ነበር። አክስቴ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ለአራሶች በዛጎል ያጌጠ አንቀልባ ትሰፋለች። የዛጎሉን ጀርባ በድንጋይ ትሞርድና ቆዳው ላይ አስተኝታ አፉን ወደ ውጭ ትሰፋዋለች፤ ክፉ ዓይን ሕፃኑን ትቶ እሱን እንዲያይ።

የዛጎልን ነገር የሰማችው ከባሏ ነው። ጋሼ ደሳለኝ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጭነት ሲሸከሙ ኖረዋል።

«እናንተ ጉደኞች፣ ይሄ ድንጋይ መሰላችሁ? ነፍስ ነበረው እኮ!» ትለን ነበር። ቀንድ አውጣ ቢጤ ነው፤ ቤቱን ራሱ ይሠራል። ትንሽ ሳለ አፉ ሰፊ፣ ከንፈሩ ስስ ነው፤ ሲጎለምስ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ጥርስ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ አያድግም። ሥጋውን አውጥቶ እንደ ነጠላ ቅርፊቱ ላይ ይደርበዋል፤ የሚያብረቀርቀውም ለዚያ ነው። ያኔ እንኳን ባሕር ተከዜ ሲሞላም አላየሁም ነበርና ሁሉንም አመንኩ።

በኋላ ልጇ ሲሳይ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ጀልባው መስጠሙን፣ አብሮት ተሳፍሮ የተረፈ የጎረቤት ወረዳችን የዝቋላ ልጅ ደውሎ ነገረን። ሽማግሌዎች መጥተው ለቅሶ እንድትቀመጥ ለመኗት።

«ሬሳውን ያየ አለ? ልጄን በቁሙ አላለቅስበትም!» ብላ መለሰቻቸው።

እኛም ስሙን መጥራት ተውን። ስፌቱን አላቋረጠችም፤ ተረቱን ግን ተወችው። ያኔ ማታ ማታ የሚሰማው የሙረዳው ድምፅ ብቻ ነበር።

አንድ ምሽት ዝምታው ቢከብደኝ፣ «ዛጎሉ ውስጥ የነበረውስ የት ሄደ?» አልኩ።

የመለሱልኝ ጋሼ ደሳለኝ ናቸው፤ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል። ሥጋው ሲያልቅ ቅርፊቱን አውጥተው ያጥቡታል።»

አክስቴ ወስፌዋን አስቀመጠች።

«እሱስ ታድሏል፤ ተቀብሯል» አለች።

አላለቀሰችም። ሲነጋ፣ «የልጄን ሸሚዝ አውጡልኝ። ሰው ጥሩ» አለች።

ለቅሶው እንዴት እንዳለፈ ብዙም አላስታውስም። ሰዉ ደረቱን ሲደቃ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ እንባዬ አልመጣም፣ ዛሬም አልመጣም። ገበያ ላይ ዛጎል ሳይ ተረቱ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ሸሚዝ ነው። አንዲት ጎረቤት በላብ የጠቆረውን አንገትጌ አይታ ልታጥበው ስትነሳ፣ አክስቴ እጇን ይዛ፣ «ተይው፣ እሱ እኮ ነው» ብላት ነበር።