የቡልቡላው የጎልፍ ዋንጫና ሳይጠረግ የቀረው አሸዋ

ቅዳሜ ጠዋት ከሾላ ስነሣ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ሳምሶንን መቅደም። ሳምሶን ጓደኛዬና የሰፈሬ ልጅ ነው። እንደ እኔው ማንም ሳያስተምረው ግጥም ይጽፋል። ልዩነታችን ባለፈው ወር የሱ ግጥም በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት ስንገባ ቀድሞ የሚቀዳው ለእሱ ነው። እኔ ስኳር ባበዛም ሻዩ ይመረኛል።

ሐሙስ ዕለት የጋዜጣው አዘጋጅ ሁለታችንንም ጠራን። ድሮ ቡልቡላ ሜዳ ላይ ገንዘብ የሚያሸልም የጎልፍ ውድድር ነበር አሉ፤ ሄዳችሁ የቀረበትን ምክንያት ጻፉ አለን። የሚወጣው ግን ሰኞ የተሻለ ያመጣው ሰው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሳምሶን ፈገግ አለ። በዚያች ፈገግታ ቤቴ እስክገባ ተናደድኩ።

ከቦሌ ወዲያ

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ታክሲ ቀይሬ ቦሌ ወረድኩ። በግራም በቀኝም አዳዲስ ቪላዎች በባሕር ዛፍ እንጨት ተከበው ይሠራሉ። አንዱ ግቢ ውስጥ የውሻ ቤት አየሁ፤ ቆርቆሮው ከኛ ቤት ቆርቆሮ ይሻላል። ዛሬ በውሻም ቀናሁ ብዬ አለፍኩ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲያ አስፋልቱ አለቀ። ጥቁሩ አፈር ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ እግሬን አከበደው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አህዮቹ ቀና እንኳ አይሉም። መንገድ ዳር እሸት ሽምብራ ከምትሸጥ ሴት አንድ እስር በስሙኒ ገዝቼ የድሮውን የጎልፍ ሜዳ ጠየቅኋት።

"ምን ነካችሁ ዘንድሮ?" አለችኝ። "ትናንትም አንድ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ይህንኑ ጠየቀኝ። ጋሽ ቱሉ ዘንድ ሂድ።"

ሽምብራውን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ሳምሶን ቀድሞኛል።

ጋሽ ቱሉ

ጋሽ ቱሉ ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ትከሻቸው ሰፊ ገበሬ ናቸው። ሜዳው ማሳቸው ሆኗል። ጠቆር ያለ አሸዋ የሞላበት አንድ ክብ ቦታ ብቻ መሐሉ ላይ ይታያል፤ እዚያ ሽምብራ አይበቅልም።

ጋሽ ቱሉ እንደነገሩኝ፣ በንጉሡ ጊዜ እዚህ የሚጫወቱት የውጭ ዜጎች ነበሩ። ቱሉን ጨምሮ የመንደሩ ልጆች የዱላ ቦርሳ ይሸከሙላቸው ነበር። ተሸካሚዎቹ አድገው ጌቶቻቸውን ማሸነፍ ሲጀምሩ፣ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ዋንጫና ገንዘብ ያለው ውድድር ተዘጋጀላቸው። ኑሯቸውም ይኸው ሆነ። ሣር በበጋ ስለሚደርቅ ኳሱ በሚገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ የነበረው በተቃጠለ ዘይት የራሰ አሸዋ ነው። ኳስ ሲንከባለልበት የሄደበትን መስመር ትቶ ያልፋል። ስለዚህ የመታ ሰው ተከታዩ መስመሩን አይቶ እንዳይጠቀም ጆንያ ጎትቶ አሸዋውን ይጠርጋል። ይህ መብቱ ነው፤ ለገንዘብ ሲሆንማ ሳይጠርግ የሚያልፍ የለም።

"ትናንት የመጣው ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቷል?" አልኳቸው።

"ሰምቷል። ዋንጫውን ግን አላየም። 'ጓደኛዬ ይመጣል፣ ዋንጫውን ማየት ለሱ ትቼለታለሁ' ብሎ ሄደ።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ተቃጠልኩ። ግጥሙ ሳያንሰኝ አሁን ደግሞ ደግነቱም ያስቀናኝ? ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም፤ ጋሽ ቱሉ ሳቁብኝና የመጨረሻውን ውድድር ነገሩኝ።

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ እሳቸውና ጎረቤታቸው በቀለ እኩል ነበሩ። ሁለቱ ኳሶች የቆሙት ከጉድጓዱ በአንድ አቅጣጫ ነው። ቱሉ ቀድመው መቱ፤ ኳሱ ጉድጓዱ አጠገብ ታጥፎ ሳተ። አሸዋው የት ጋ እንደሚያዘነብል መስመሩ በግልጽ ያሳያል። ቱሉ ጆንያውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። በቀለ መስመሩን አይቶ መታና አስገባ። በዓመቱ መንግሥት ተለወጠ፤ የውጭዎቹ ሄዱ፤ ሜዳው ታረሰ። ውድድሩ በዚያው ቀረ፤ ዋንጫውም በቀለ ቤት ቀረ።

"ለምን አልጠረጉትም?"

"ብጠርግ ላሸንፍ እችል ነበር። ግን ከበቀለ ጋር ወደ ቤታችን የሚወስደን መንገድ አንድ ነው፤ ምን እያወራን ልንሄድ?"

"አሁን አይቀኑም?"

"እንዴት አልቀና ልጄ? በየቀኑ ነው የምቀናው።"

ዋንጫው

የጋሽ በቀለ ቤት ከማሳው ማዶ ነው። ዋንጫው አንድ ጆሮው ተሰብሯል፤ የዘር ሽምብራ ተሞልቶበታል። ጋሽ በቀለ በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሸት በዚሁ ዋንጫ ሞልተው ለቱሉ ይወስዱላቸዋል። ቱሉ እሸቱን ገልብጠው ዋንጫውን ወዲያው ይመልሳሉ።

"አንድ ቀን እንኳ እሱ ዘንድ ይደር ብዬ ለመንኩት" አሉኝ ጋሽ በቀለ። "ካደረማ አልመልሰውም አለኝ።"

ወደ ሾላ

አመሻሽ ላይ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ሳምሶን ከኋላዬ መጣ።

"ዋንጫውን አየኸው?"

አላየሁም የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሸቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሰጠሁትና ሁሉንም ነገርኩት፤ የተሰበረውን ጆሮ፣ ዘሩን፣ የማያድረውን ዋንጫ። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "አንድ ቤት ገብቶ የማያድር እንግዳ" አለ። አያችሁ? ቀኑን ሙሉ በእግሬ ተጉዤ እንዲህ ያለ ስንኝ አልመጣልኝም። ቀናሁ።

ጉዞው ቅናቴን አላዳነልኝም፤ ጆንያውን መልሶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ግን አሳይቶኛል። ሰኞ ሁለታችንም ጽሑፋችንን ይዘን እንሄዳለን። ይህን እያነበባችሁ ከሆነ የወጣው የእኔ ነው፤ ሳምሶንም በተራው እየቀና ነው፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል። ማታ ግን ሁለታችንም የምንሄደው ወደ ሾላ ነው።